የትርዒቱ አተካና

ነሐሴ 27፣ 1978። ማክሰኞ።

ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ። ስብሰባው እኔ በምጠርገው ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል ውስጥ ነበር። የነበርነው፦ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ብርነሽ፣ ከአውራጃ የመጣው የባህል ሠራተኛ ሙሉአለም፣ ሽማግሌው አባ ዋለ፣ የባሌ እህት ዓለሚቱ፣ ሌሎች አራት ሴቶች፣ እኔ።

ሙሉአለም ወጣት ነው፣ ከሰሜን በኩል። ትሁት። ደብተሩን ከጉልበቱ አያወርድም። በመስከረም ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፣ ሕዝቡ በዓሉን ሜዳ ላይ ያሳያል አለ። ከዱራሜ የከምባታ ጭፈራ ይመጣል። ከእኛ ከሐድያ ያሆዴ፣ የመስቀል በዓላችን። ሦስት ግድግዳ ብቻ ያለው የቀርከሃ ቤት ይሠራል፣ በአራተኛው በኩል ሰው ያያል። ውስጥ አንድ ቤተሰብ የመስቀል ዋዜማን አተካና ከአንድ ገበታ ይበላል።

አተካና ከምን ይሠራል ብሎ ጠየቀ። ከእንሰት ቡላና ከቅቤ፣ አሉት። ቅቤው ምን ያህል? ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «ቡላው እስኪጠፋ» አለችው። ጻፈው።

ቤተሰቡ ማን ይሁን ሲባል ብርነሽ ቶሎ አለች፣ «ምን ፍለጋ ያስኬደናል? ጥሩሰው የማቴዎስ ሚስት፣ ዓለሚቱ የማቴዎስ እህት። እውነተኛ ቤተሰብ እያለ!»

ሴቶቹ እግር እግራቸውን አዩ። ብርነሽ እዚህ ሱቅ ከከፈተች አራት ዓመቷ ነው። አታውቅም። የነገራትም የለም። ዓለሚቱ መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር። እኔ መጥረጊያዬን አነሳሁ። እንደ ሁልጊዜው።

ነሐሴ 29።

ዝናብ። እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ቀን።

ከዓለሚቱ ጋር ሳንነጋገር አምስት ዓመት አለፈን። ቤቷ ከቤቴ ሁለት አጥር ነው። በየመስቀሉ ሆመቾ ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ። ሰው ዘመድ ናፈቃት ይላል። የምሸሸው ገበታውን ነው። በእኛ ዘንድ የተቀያየመ ሰው ከአንድ ገበታ አተካና አይበላም። ዋዜማው ሳይደርስ ይታረቃል። ካልታረቀ ይርቃል። ቂሙን ይዞ የበላ ዓመቱ አይወጣለትም ይላሉ።

በ73 ነው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከተዘጋ በኋላ ማቴዎስ ጎረቤት እየሰበሰበ ቤታችን ይጸልይ ነበር። ጥር ላይ ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው ዓለሚቱ ዘንድ ሄዱ። ጣቷን አተመች። ለካ ወረቀቱ ወንድሟ ቤት ሰው እንደሚሰበሰብ ትመሰክራለች የሚል ነው። ማቴዎስን ወሰዱት። በሰባተኛው ወር ሲለቁት ደረቱ አልቆ ነበር። ኅዳር ላይ ቀበርነው።

ይህን ለብርነሽ እንዴት እነግራለሁ? ጸሎቱ እኮ አልቆመም። አሁን በሌላ ሰው ቤት ነው። ለምን ተጣላችሁ ብለው ከጀመሩ የት ይደርሳሉ? ... ይህንንም መጻፍ አልነበረብኝም። ነገ ገጹን እቀደዋለሁ።

ጳጉሜን 3።

የመጀመሪያ ልምምድ። የቤቱ አባት አባ ዋለ፣ እኔና ዓለሚቱ ከግራና ከቀኝ፣ ልጆች ተብለው አራቱ ሴቶች። ከመካከላቸው አንዷ የልጅ ልጅ አላት። ሙሉአለም «ትንሽ ልጅ ልጅ በሉ» ቢላቸው ተንከባለሉ በሳቅ።

ገበታው ባዶ ነው። እጃችንን እየሰደድን አየር ጎረስን። እጄና እጇ እንዳይነካኩ ስጠነቀቅ ትከሻዬ ዛለ።

ሙሉአለም በጣም የወደደው አንድ ነገር አለ። ከመብላቱ በፊት የቤቱ አባት «ቂም የያዘ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ያለበት ይናገራል፣ ይታረቃል፣ ከዚያ ይበላል። ይህን አባ ዋለ ናቸው የነገሩት። ለምን ነገሩት? ሙሉአለም መልሱን ጽፎ አነበበልን። ሁላችን በአንድ ድምፅ «የለም»። ሦስት ጊዜ ተለማመድን። የለም። የለም። የለም።

ዓለሚቱ ከንፈሯን ብቻ ነው ያንቀሳቀሰችው። አየኋት። እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር።

መስከረም 1፣ 1979።

አዲስ ዓመት። ቤት ጠረግኩ። የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩ።

መስከረም 4።

ብርነሽ ሱቅ ሄድኩ። ታምሜያለሁ አልኳት። ፊቴን አየችው። «የአሥር ደቂቃ ትርዒት ነው። ለአሥር ደቂቃ የሚሆን ጤና ታጪያለሽ?» እንግዲያው ዓለሚቱን በሌላ ሰው ቀይሪልኝ አልኩ። እንደ መቀለድ አድርጌ።

ብርነሽ መጥፎ ሰው አይደለችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስማችሁ ተጽፎ ወደ ላይ ሄዷል፣ እህቴ። ለምን ተቀየረ ቢሉኝ ምን ልበል? ምክንያቱን ስጪኝና እሄዳለሁ» አለች።

ምክንያቱን... ክብሪት ገዝቼ ወጣሁ። ክብሪት ቤቴ ሞልቷል።

መስከረም 7።

ጸሐይ። መንገዱ እየደረቀ ነው። ሙሉአለም ዛሬ ደስ ብሎት መጣ። ባዶ ገበታ ለእንግዳ አይሆንም፣ እውነተኛ አተካና ይሠራል ብሎ አስፈቅዷል። ቅቤውን ማኅበሩ ያወጣል። ሴቶቹ ዝም ሲሉ ደስ ያላቸው መሰለው።

ስንበተን አባ ዋለን ተከትዬ ሄድኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ሊያስታርቁን አምስት ጊዜ ሰው ልከውብኛል። አምስቱንም ጊዜ ሆመቾ ነበርኩ። ዛሬ አልዞሩም፣ እየሄዱ «ምን ፈለግሽ?» አሉኝ። ጥያቄውን በአማርኛ ቢጠይቁልኝ፣ ልክ እንደ ልምምዱ፣ ቶሎ ብለው ቢያልፉልኝ... አልኩ። በሐድይኛ ሲሆን የእውነት ይሆንብኛል።

«እግዜር አማርኛም ይሰማል» አሉ። ትንሽ ሄደው ቆሙ። «ባዶ ገበታ ላይ እቀልዳለሁ። ቅቤ ከገባበት ግን በጨዋታ አልጠይቅም፣ ልጄ። ዕድሜዬ አይደለም።»

መስከረም 8።

ልሂድ? ሌሊቱን ተነስቼ ሆመቾ ብገባ... ሥራዬስ? ብርነሽንስ ምን ይሏታል? ደግሞ አለመገኘትም መልስ ነው። ይጠይቃሉ።

መስከረም 10።

አንድ ነገር እዚህ አልጻፍኩም። ለራሴ በምጽፈው ላይ እንኳን።

ማንበብ ማንም አላስተማረኝም። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከክፍል ከምጠርገው የተቀዳደደ ደብተር፣ ፊደል በፊደል ለቃቅሜ ነው። መሠረተ ትምህርት ሳይመጣ በፊት። ከቆሻሻ የተማርኩት ስለሆነ አፍር ነበር። ደግሞ ታነባለች ከተባለ ጸሐፊ ያደርጉኛል፣ ሰው ፊት ያቆሙኛል ብዬ ፈራሁ። የሚያውቀው ማቴዎስ ብቻ ነበር።

ጣቷን ባተመችበት ቀን ጠዋት ዓለሚቱ ቤቴ መጥታ ነበር። ማቴዎስ ለገበያ ጊምቢቹ ሄዷል። «ከሰዓት ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ ጣት አትሚ ብለውኛል። አንቺ ማንበብ ትችያለሽ ይላል ወንድሜ። ነይና እይልኝ» አለች።

አላነብም አልኳት። ማን ነው የነገረሽ፣ ይቀልድብሻል፣ አልኳት።

ቡናዬን ሳትቀምስ ሄደች ብዬ ለሰው አምቼያት ነበር በዚያው ሰሞን። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አምስት ዓመት ሙሉ ማን ላይ ነው የተቆጣሁት?

መስከረም 12።

ትርዒቱ ረቡዕ ነበር የታሰበው። ብርነሽ ለሙሉአለም በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። በትራንስፖርት ምክንያት ወደ ሐሙስ ተዛውሯል ተባለ። ረቡዕ ቅቤ የማይበላ ጾመኛ ከመካከላችን እንዳለ ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን አንድ ተጨማሪ ቀን መታመስ ተረፈኝ።

ወንድሜ ከሆመቾ ልኮብኛል፣ ዘንድሮ አትመጪም ወይ ብሎ። መልስ አልሰጠሁም።

መስከረም 15። ሐሙስ።

እንዳለ ልጻፈው።

ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ሜዳው ሰው ብቻ። እንግዶቹ በሦስት ሰዓት ይመጣሉ ተብሎ በሰባት ሰዓት መጡ። እስከዚያ በቀርከሃው ቤት ውስጥ ተቀመጥን። አተካናው ሁለት ጊዜ እየሞቀ መጣ። እኔና ዓለሚቱ አንድ ሰሌን ላይ ነን። አራት ሰዓት ሙሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጸሐዩ ሲመታኝ፣ ነጠላዋን ወደ እኔ በኩል ሳብ አደረገችው። ዞር ብላ ሳታየኝ።

ጭፈራው አለቀ፣ ተራችን ደረሰ። ገበታው መሀል ተቀመጠ። አባ ዋለ እርጥብ ሳር ይዘው ተነሱ። ሙሉአለም ከጎን ሆኖ በእጁ ቀጥሉ ይላል።

በሐድይኛ ጠየቁ። በጨዋታ ድምፅ አልነበረም። ቂም የያዘ አለ?

አራቱ ሴቶች «የለም» አሉ። ሁለታችን ዝም። አባ ዋለ ጠበቁ። ሜዳው ላይ ያለው የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ብቻ ይሰማል። ሙሉአለም አሁንም እጁን ያወዛውዛል...

«አለ» አለች ዓለሚቱ።

በሐድይኛ ነው የተናገረችው፣ ወደ ገበታው እያየች። «ያን ወረቀት ያተምኩት እኔ ነኝ። የስኳር ኮታ ነው አሉኝ። ምን እንደሆነ ሳውቅ ሦስት ቀን አጥርሽ ድረስ መጣሁ። በሩን መምታት አቃተኝ። ወንድሜን እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ጠበቅኩ። ቀሪውን እንድትለው። እንዳነብላት ለምናኝ እንደነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልትለው ትችል ነበር፣ መብቷም ነው።

አላለችውም። አፏን ዘጋች። ለእኔ ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ድምፄ ወጣ። የእኔ ድምፅ እንደዚያ እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። «ጠርታኝ ነበር። እይልኝ ብላኝ ነበር። ማንበብ እችላለሁ። አልችልም ብዬ ዋሸኋት። እኔ የያዝኩት ቂም አይደለም፣ ሐፍረት ነው። እሷን አሸከምኳት።»

አባ ዋለ አልቸኮሉም። ዓለሚቱን ይበቃሻል ወይ አሏት። ይበቃኛል አለች። እኔንም ጠየቁኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። «በአፍ» አሉ። ይበቃኛል አልኩ። ሳሩን በሁለታችን ራስ ላይ አድርገው መረቁን። ዓለሚቱ አጎረሰችኝ። ቅቤው እስከ ክንዷ ወረደ። እኔም አጎረስኳት። ከሜዳው ዕልልታ ተነሳ፣ ማቆሚያ አልነበረውም። እንግዶቹም ቆመው አጨበጨቡ። ሐድይኛ አይሰሙም። አንዱ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ዓይኑን ይጠርግ ነበር፣ ትያትር ቤት ሊያስገቧቸው ይገባል አለ አሉ።

ሙሉአለም ሮጦ መጣ ደብተሩን ይዞ። ያ ንግግር ከልምምዱ ውስጥ አልነበረም፣ ምን ማለት ነው? አባ ዋለ አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እንኳን አደረሳችሁ ማለት ነው።»

ጻፈው።

መስከረም 16።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን በሙሉ እጽፋለሁ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። ወንድሜ ዘንድ ለሚሄድ ሰው፣ ዘንድሮ እዚሁ ነኝ በልልኝ አልኩት። ትምህርት ቤት ሄጄ ሁለት ክፍል ጠረግኩ። ሙሉአለም እዚያ ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ትርዒቱ በጥቅምት ዱራሜ ላይ ይደገማል፣ በተለይ ያ የእንኳን አደረሳችሁ ቦታ፣ ከነጉርሻው፣ ልክ እንደ ትላንቱ።

«አይደገምም» አልኩት።

ለምን?

«መጀመሪያ መጣላት ይኖርብናላ።»

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። እንቢ ማለቴን ያወቀው በኋላ ነው፣ ክፍሉን ቆልፌ ስሄድ።

ከዚያ ዓለሚቱ ቤት። በሩን መታሁ። ለማታው ቡላ ታቦካለች። እጅጌዬን ሰብስቤ አብሬ አቦካሁ። ቅቤው ሲቀልጥ እጇን ታጠበችና ከአልጋ ሥር የዘይት ቆርቆሮ ጎትታ አወጣች። ወረቀት ሙሉ ነው። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ወረቀት ላይ ጣቷን አላኖረችም። የሰጧትን ሁሉ እዚህ ስትከት ኖራለች። ማንንም አንብብልኝ ሳትል፣ ሳትጥልም።

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የክትባት ካርድ። የማዳበሪያ ማስታወቂያ። ከሦስት ዓመት በፊት ያለፈ የስብሰባ ጥሪ፣ ሁለት። የጨው ወረፋ። ጊምቢቹ የጠፋ በሬ ያገኘ ያሳውቅ የሚል። እያንዳንዱ ሲያልቅ «ይኸው ነው?» ትላለች። ይኸው ነው እላለሁ። «ለዚህ ነው እንዲህ ስፈራው የኖርኩት?» በሬው ላይ ሳቅን።

እስከ አምስት ሰዓት አነበብኩ። የመጨረሻውን ከቆርቆሮው ሥር በጥፍሯ ፈልቅቃ ሰጠችኝ። በአራት የታጠፈ። ዘረጋሁት።

«እሱስ ምን ይላል?»

ባዶ ነው አልኳት። ምንም አልተጻፈበትም።

«ጀርባውንም እይልኝ።»

አገላብጬ አየሁላት። ጀርባውም ባዶ ነበር።