ዓርብ ስለሚጠፋው የጥያቄና መልስ ካሴት

አምቦ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ቀንዓ፣
የትምህርት በምስል ማዕከል የክምችት ክፍል ኃላፊ፣

አከም ጂርቱ? ከመላው ቤተሰብዎ፣ ከማኅተምዎና ከማኅተምዎ ቀለም ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ሆድዎ ከፋሲካው ቅባት፣ ጆሮዎም ከባለጉዳይ አቤቱታ በደህና እንደተረፈ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምጠግነው ፉፋ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት በኤንቨሎፕ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስቱ ሳይከፈቱ ስለተመለሱልኝ ነው፤ የሰውን ምስጢር ይህን ያህል የሚያከብር ቢሮ ስለሰጡን አመሰግናለሁ።

ማዕከሉ ከ1987 እስከ 1990 የምዕራብ ሸዋን ከተሞች የጥያቄና መልስ ውድድር በቪዲዮ ይቀርጽ እንደነበር ያውቃሉ። እኔ፣ ልብስ ሰፊው ሰይፈዲንና ጡረተኛዋ መምህርት ሽታዬ ከእርስዎ በፊት በነበሩት ኃላፊ ፈቃድ ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚያን ካሴቶች ስናይ ስድስት ዓመት ሆነን። ሰይፈዲን የመድረኩ መጋረጃ ሁለት ዓመት ሙሉ ተገልብጦ መሰቀሉን በስፌቱ ለይቷል። መምህርት ሽታዬ የሸነኑ ተወዳዳሪ ጥያቄው ሳያልቅ ደወሉን የሚጫነው ከዕውቀት ሳይሆን ከድንጋጤ መሆኑን ከጉልበቱ መንቀጥቀጥ አስረድተውናል። እኔም በበኩሌ የግድግዳው ሰዓት በአራት ውድድሮች አራት ከሩብ ላይ መቆሙን አረጋግጫለሁ፤ «ጊዜያችሁ አልቋል» ተብለው በእንባ የወጡት የአዲስ ዓለም ልጆች እስከ ዛሬ ይቅርታ አልተጠየቁም። ሥራ ፈቶች ናችሁ ቢሉን አንቀየምም።

ከአክብሮት ጋር የማቀርባቸው ቅሬታዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፦ በራችሁ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት ካሴቶቹ ከዓርብ ጀምሮ እየጠፉ የግምገማ ስብሰባ ይቀዳባቸዋል። የተማሪን መልስ አጥፍቶ የኃላፊን ንግግር መቅዳት ዕድገት መሆኑን ለማስተማር ስለደከማችሁ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ ከካሴቶቹ በአንዱ፣ በ1989ኙ ውድድር፣ የእህቴ የወርቅቱ ልጅ ቢሊሴ አለች። የእናቷ ወንድም ነኝና «ኤሱማ» ነበር የምትለኝ። ዳኛው «የሰው ልጅ ስንት ጥርስ አለው?» ብለው ቢጠይቋት፣ «የእኔ ነው የአያቴ?» ብላ አዳራሹን በሳቅ የሞላች፣ ነጥብ ሲቀነስባትም ከሁሉ በላይ የሳቀች ልጅ ናት። በዓመቱ ታማ ሞተች። አንድ ፎቶግራፍ ቀርቷል፤ ድምጿ ግን ከዚያ ካሴት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ደቂቃዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። እናቷ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ «አልችለውም» ስትል ኖራ፣ ዘንድሮ በሁዳዴ «አንዴ ልስማት» አለችኝ።

ሦስተኛ፦ ወርቅቱ ሦስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ መጥታ ሦስቱንም ጊዜ «የካሴቱን ቁጥር አምጪ» ተባለች። በመጨረሻው ቀን ጸሐፊዎ፣ «እናቴ፣ ቁጥር የሌለው ነገር እኛ ጋ የለም ማለት ነው» አላት። በትህትና ስላናገራት አመሰግናለሁ፤ ወንበር አለመስጠቱን ግን ከምስጋናው ቀንሼዋለሁ።

አራተኛውን ቅሬታ የማቀርበው በራሴ ላይ ነው። ቁጥሮቹን ያነሳናቸው እኛ ነን። «ክ/ም/14» የሚል ወረቀት ስለ መጋረጃውም ሆነ ስለ ሰዓቱ ምንም የማይናገር መስሎን፣ የማዕከሉን ወረቀቶች በእርጥብ ጨርቅ ልጠን በምትካቸው «መጋረጃው የተገለበጠበት»፣ «ሰዓቱ የቆመበት»፣ በእሷም ላይ «ጥርስ» ብለን ለጠፍን። ያኔ እየሳቅን ነበር። ዛሬ አስወጋጅ ኮሚቴዎ ቁጥር የሌላቸውን ካሴቶች «በመዝገብ የሌሉ» ብሎ አስቀድሞ ሊያጠፋቸው ደርድሯቸዋል። የሰውን ማጫወቻ ስጠግን የኖርኩ ሰው አንዲት ቅጂ አለማስቀረቴን ለእህቴ እስካሁን አልነገርኳትም። እንዴት እንደምነግራትም አላውቅም።

ኦቦ ቀንዓ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ቀልድ አይደለም። ማጫወቻና ባዶ ካሴት ይዤ እመጣለሁ። «ጥርስ» የሚለው ወረቀታችን ተልጦ ቢሆን እንኳ፣ ሰይፈዲን መጋረጃውን፣ መምህርት ሽታዬ ተወዳዳሪዎቹን አይተው የትኛው እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ያሳዩዎታል። ወረቀቱን ስለላጥኩ ይክሰሱኝ፤ ፈርሜ እቀጣለሁ። እስከ ሐሙስ ማታ ብቻ በሩን ይክፈቱልን።

ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለእጅዎ ግን ጥቂት መዘግየትን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ፉፋ ዱጋሳ

ሳልጠቅሰው ያለፍኩት፦ ግምገማው በግድ በእሷ ካሴት ላይ ይቀዳ ከተባለ፣ ስብሰባችሁ ሁልጊዜ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ደቂቃዎች የሚያሳልፈው አርፋጅ ኃላፊዎችን በመጠበቅ ነውና፣ ያን ያህል ካሴቱን አሳልፋችሁ መቅዳት ጀምሩ። ከእናንተ አንዲት ቃል አትጎድልም፤ ለእህቴ ደግሞ ልጇ ትተርፍላታለች።