ለአቶ ሲራክ፦ ስለ አንድ የቤንዚን ቱቦና ስለ አፍንጫዬ

ለክቡር አቶ ሲራክ
የድርጅታችን የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ
አል ካራማ፣ አቡ ዳቢ

ነሐሴ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.
አል ዓይን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የሰውነትዎ ሙቀት ከሠላሳ ሰባት፣ የቢሮዎ ደግሞ ከሃያ ሁለት እንዳያልፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከአል ዓይን ካምፕ አሥራ ሁለት ሴት የጽዳት ሠራተኞችን በየማለዳው ወደ አቡ ዳቢ ክሊኒኮች የማመላልሰው ሾፌርዎ ጧሂር ነኝ። ጉዳዬ «በሂደት ላይ» መሆኑን በስልክ ደጋግመው ስላበሠሩኝ፣ እርስዎን ዳግመኛ ላለማስቸገር ብዬ ይህን ደብዳቤ ሁላችንም ባለንበት የዋትሳፕ ቡድን ላይ ለጥፌዋለሁ። ለድፍረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደክሞኝ ነው።

1ኛ. የሚኒባሷ የቤንዚን ቱቦ ከመኪናዋ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ መኪናዋ ደግሞ ከተሳፋሪያችን ከሩዋይዳ በአንድ ዓመት ብቻ ታንሳለች። የዚህ አገር ሙቀት ጎማ ያደርቃል፣ የደረቀ ጎማ ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ የሚንጠባጠበው ቤንዚንም የጋለ ሞተር ላይ ያርፋል። በጥር ወር ይቀየርልኝ ብዬ ስለምን፣ ጋራዥ ውስጥ ሰው እንዳይጨናነቅ ሲባል ጥገና ለጊዜው መቆሙን ገልጸው አንድ ጥቅል ናስትሮ ላኩልኝ። ቤንዚኑ የናስትሮውን ሙጫ በሁለት ቀን በላው። ቀጥለው፣ ቱቦ ያው ቱቦ፣ ውሃም ቤንዚንም ያው ፈሳሽ ነው በማለት፣ ከካምፑ ግቢ የተምር ማጠጫ ጎማ ቆርጬ እንድገጥም አዘዙ። ታዝዤ ገጠምኩ፤ በሳምንቱ አብጦ እንደ ሊጥ ሲለሰልስ አሮጌውን መለስኩት። ስለ ብልሃትዎ እኔ አመሰግናለሁ፤ ተምሮቹ ግን እስከ ዛሬ አንድ ክንድ ጎማ ይጎድላቸዋል።

2ኛ. የመኪናዋ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ እዚያ ላይ የምትቀመጠው ሩዋይዳ ናት። ሽታው ራሷን ሲያዞራትና ሲያስመልሳት ድርጅታችን በሚያስመሰግን ፍጥነት በኮሮና ጠርጥሮ አገለላት። ሦስት ጊዜ ተመረመረች፣ ሦስት ጊዜ ነጻ ሆነች፣ ሦስት ጊዜም እዚያው ወንበር ላይ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ብትታመምም ዝም ማለትን ተማረች። በየማለዳው የሁላችንም ግንባር ይለካል፤ መኪናዋን ግን የለካት የለም።

3ኛ. በየዕለቱ የምሞላው ቅጽ ላይ «የነዳጅ ሽታ፦ አለ/የለም» የሚል መስመር አለ። አራት ወር ሙሉ «አለ» ላይ ምልክት አደረግሁ፤ መልስ አልመጣም። በግንቦት ኮሮና ይዞኝ አሥር ቀን ተገልዬ ስመለስ፣ ሽንኩርትና ሳሙና የማይለይ አፍንጫ ይዤ ተመለስኩ። ይህንንም አልደበቅሁዎትም። እርስዎ ግን «እንግዲያው የማታሸተውን ‹አለ› ብለህ መፈረም አትችልም» አሉኝ፤ እኔም «የለም» ላይ ምልክት አደረግሁ። በዚያው ቀን «ችግሩ ተፈቷል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ከጥር ጀምሮ ከእርስዎ ያገኘሁት ፈጣኑ መልስ ይኸው ነበር። ያንን ምልክት በማድረጌ አፍራለሁ፤ ይህን የምለው ያለ ምንም ፌዝ ነው።

4ኛ. ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት፣ ወደ አል ዓይን ስንመለስ፣ ሩዋይዳ ውሃ ልትጠጣ ማስኳን ዝቅ አድርጋ ድንገት ጮኸች። የጮኸችውን ቃል በቃል ላስፍርልዎ፦ «ኸላስ፣ በቃ ጧሂር፣ ኮሮና ነው ካሉም ይበሉ፣ ቤንዚን ነው፣ አቁም!» አቆምኩ። ሁሉንም አውርጄ ወንበሩን ሳነሣ ቱቦው ተሰንጥቆ፣ ከጋለው የጭስ መውጫ አንድ ጣት ርቀት ላይ ይንጠባጠባል። እኔ አሁንም ምንም አይሸተኝም ነበር። ሴቶቹ በአርባ ሰባት ዲግሪ ፀሐይ ከመንገዱ ዳር ቆሙ፤ ልማድ ሆኖባቸው ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው። ስደውልልዎ መጀመሪያ የጠየቁኝ ርቀታቸውን መጠበቃቸውን ነው። ጠብቀዋል፣ ክቡር ሆይ። ቀጥለው ናስትሮ ጠምጥሜ እንድቀጥል መከሩኝ፤ ይህን ምክር ብቻ ሳልቀበል ቀርቻለሁ፤ ሴቶቹን ያደረሳቸው ሌላ መኪና ነው።

እንግዲህ ሚኒባሷ ተጎትታ መጥታ ከካምፑ አጠገብ ባለው የተምር ደን፣ በኦአሲሱ አጥር ጥላ ሥር ቆማለች፤ ነገ እሑድ ማለዳም አትነሣም። ቱቦውን ፈትቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ዛሬ ወደ አል ካራማ በሄደው የዕቃ መኪና ልኬልዎታለሁ። ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእርስዎ ፊርማ እንደሚታደስ አልረሳሁም፤ ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ሁለት ቀን ያሰብኩትም ስለ እርሱ ነው። ቢሆንም አሥራ ሁለት ሰው ጭኜ በማላሸተው እሳት ላይ አልቀመጥም። የምለምነው አንድ ክንድ እውነተኛ የቤንዚን ቱቦና ሁለት የብረት ማሰሪያ ብቻ ነው፤ እስከዚያው ሌላ መኪና ይመደብልን።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ በተለይም በእኛ ሕይወት ላይ ስላሳዩት ትዕግሥት፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አፍንጫው ያልተመለሰለት፣ ተሳፋሪዎቹን ግን በሩዋይዳ አፍንጫ የመለሰ፣
አክባሪ ሾፌርዎ ጧሂር

አባሪ፦ አንድ ቱቦ፣ አንድ ያልተሞላ ቅጽ

ማስታወሻ፦ ቅጹን እኔ መሙላት ስለማልችል እርስዎ ቱቦውን አሽትተው ይሙሉልኝ። ከሸተተዎ «አለ» ላይ ምልክት ያድርጉ። ምንም ካልሸተተዎ ግን መመሪያውን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ እባክዎ ዛሬውኑ ይመርመሩ፣ አሥር ቀንም ራስዎን ያግልሉ።