ቴፍሎንን መጥበሻ ነው ብለው ለከለከሉን ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የሳሙና ፋብሪካችን የግዥና ንብረት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳይነጥፍበት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ሳምንት «የቢሮ ንብረት በማበላሸት» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፉልኝ የአሲድ ክፍል ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ደብዳቤዎን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስላስለጠፉት፣ እኔም መልሴን ከጎኑ ለጥፌዋለሁ፤ ጎረቤታሞች ይጠያየቁ ብዬ ነው።

፩. ከአምስት ወር በፊት በአሲድ ቧንቧው መጋጠሚያዎች መሃል የሚገቡ፣ ፍሳሽ የሚያግዱ ሦስት ቀለበት መሰል የቴፍሎን ጋስኬቶች እንዲገዙልን ብጠይቅ፣ «ፋብሪካችን ወጥ ቤት አይደለም፤ መጥበሻ አንገዛም» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። እውነትም ባለቤቴ እንቁላል የምትጠብስበት መጥበሻ ቴፍሎን የተቀባ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ በቧንቧው ጥርስ ላይ የሚጠመጥመው ነጭ ጥብጣብም እሱው ነው፤ በምድጃ ውስጥ ለሚያልፍ ሽቦ የሚያለብሱትም እሱው። ሁለት መቶ ዲግሪ ሙቀት አይበግረውም፣ አሲድ አይበላውም፣ ምንም ነገር አይጣበቅበትም። እንዲህ ያለውን ባለብዙ ሙያ ዕድሜ ልኩን እንቁላል ጥበስ ብለው የፈረዱበት እርስዎ ብቻ ነዎት።

፪. በምትኩ «ያው ክብ ነው» ብለው ጥቁር ጎማ ስለላኩልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። አሲዱ በአሥራ አንድ ቀን ጨርሶ በላው። የፓምፕ ተቆጣጣሪዋ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ቫልቩን ልትዘጋ ስትጠጋ መጋጠሚያው ፈነዳና አሲዱ ተረጨባት። «ውሃ! ውሃ አፍስሱብኝ!» እያለች ስትጮኽ ጎትቼ ሻወር ሥር ያቆምኳት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ከወሰዷት በኋላ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን አሲድ ሳጥብ ዋልኩ። በዚህኛው ቁጥር የማመሰግንበት አንደበት አጣሁ፤ ይቅርታዎን።

፫. በማግስቱ ምትክ ፍለጋ ዕቃ ቤት ገባሁ። የዕቃ ቤቱ ሽማግሌ ጭንቀቴን አይተው፣ «ልጄ፣ ነጭና የሚያንሸራትት ከሆነ የምትፈልገው፣ ከድሮው የአሲድ መስመር የተረፈ ሁለት ጠፍጣፋ ቴፍሎን ነበረን። ኃላፊው ቁም ሣጥናቸው ሲገፋ ይንሸራተትልኝ ብለው አስወስደውታል» አሉኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በምሳ ሰዓት ቢሮዎ ገብቼ ቁም ሣጥንዎን በትከሻዬ አንስቼ ሁለቱንም ከእግሩ ሥር አወጣኋቸው። ሦስት ጋስኬት ቆረጥኩባቸው፣ ገጠምኳቸው፤ ይኸው አራት ወር ሙሉ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም። እርስዎም ነገሩን ያወቁት ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥኑን ቢገፉት አሻፈረኝ ሲልዎት ነው።

ማስጠንቀቂያውን እንዲያነሱልኝ አልለምንም፤ ለልጆቼ የማሳየው ነው። የምለምነው መጠባበቂያ ስድስት ጋስኬት እንዲገዙልን ብቻ ነው። «መጥበሻ» የሚለው ቃል ፊርማዎን የሚያቀልልዎ ከሆነ፣ መጠየቂያውን «መሃሉ ቀዳዳ የሆነ መጥበሻ» ብዬ እንደገና ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ከቁም ሣጥንዎ እግር ሥር ንብረት ያነሣሁ፣ ጤናና ዕድሜ የምመኝልዎ፣ እጅ ነሺ ታዛዥዎ፣
የአሲድ ክፍሉ ጥገና ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ የፓምፕ ተቆጣጣሪዋ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ቢሮዎ ብቅ ብላ ሰላም ልትልዎ ትፈልጋለች። ግራ እጇን ብትዘረጋልዎ እንደ ንቀት አይቁጠሩባት፤ ቀኙ ገና አይጨብጥም።