«ስለዚህ» ላይ የተቀደደ ወረቀት

ሰኔ 12 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ መቱ። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። በቤት የነበርነው ጋሼ ጎንፋ፣ ዓያንቱና እኔ ነን። ጋሼ ጎንፋ አሁን ሄደዋል።

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ጭቃ ተሻግሮ ኖፓ ድረስ ይምጣልሽ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ሻል አለሽ? ባለቤትሽስ፣ ትንንሾቹስ? ያቺ ቀይ ላም ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓያንቱም ደህና ናት ብዬ ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎች የጻፍኩልሽ ግን ውሸት ነው። ይህን ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ፊደል የቆጠርነው አብረን ስለሆነ አንባቢ አያስፈልግሽም፤ ዛሬ በዚህ ነገር ደስ ይለኛል።

ባለፈው ጥቅምት ልጅሽን ዓያንቱን ሳጥባት ከግራ ክንዷ ላይ የሽልንግ ያህል ነጣ ያለ ነገር አየሁ። ቋቁቻ መሰለኝና ችላ አልኩት። በኅዳር አንድ ቀን ግን የድስት ክዳን ከእሳት ላይ አንሥታ በእጇ እንደያዘች ቆማ ታወራኛለች። ስለ ትምህርት ቤት ነበር የምታወራኝ፣ አስተማሪው በስህተት ሁለት ጊዜ ስሟን እንደጠራት። ወሬዋን ሳትጨርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እሷንም የሸተታት ያኔ ነው። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ ክዳኑ ላይ ተጣብቀው ነበር። አላለቀሰችም። ጣቶቿን እያየች «እትዬ፣ ይሄ የኔ ነው?» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ። ያልጻፍኩበትን ምክንያት ልንገርሽ።

የምሠራበትን የነዚፍን ሱቅ ታውቂዋለሽ፤ ከኋላ ቡና እንለቅማለን፣ ከፊት እሱ ስኳርና ጨው ይሸጣል። የሚጠቀልልበትን ወረቀት ከየመሥሪያ ቤቱ በክምር ይገዛል፤ ጽሑፍ ያለበትን ለእኔ ያስቀርልኛል። «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እናስነብብሽ፣ የፍርድ ቤት ክስ ነው ወይስ የከብት በሽታ?» እያለ ይቀልድብኛል። ክዳኑ ካቃጠላት በሦስተኛው ሳምንት የሰጠኝ ግን ለጤና ተማሪዎች ከተዘጋጀ መጽሐፍ የወጣ አንድ ቅጠል ነበር። የታችኛው ግማሹ ተቀዷል። አምስት ጊዜ አነበብኩት፤ አሁን በቃሌ ነው።

እንዲህ ይላል። በሰው ገላ ውስጥ ነርቭ የሚባል ነጭ ክር አለ። ከአንጎልና ከጀርባ አጥንት ወጥቶ እስከ ጣት ጫፍ ይደርሳል። አንዱ ክር ከቆዳ ወደ አንጎል ወሬ ያደርሳል፤ ይሞቃል፣ ይበርዳል፣ ወጋኝ ይላል። ሌላው ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትእዛዝ ያመጣል፤ ልቀቅ፣ ያዝ ይላል። ክሩ የተሠራው የነርቭ ሕዋስ ከሚባል ነገር ነው። እኔ በመጀመሪያ ቄሱ አምስቱ ሕዋሳት የሚሏቸው መሰለኝ፤ በኋላ ሳስተውለው ግን ዓይን የማያየው እጅግ ትንሽ ነገር ነው፣ እጅና እግር እንዳለው ዓይነት ከጎኑ ረጃጅም ቅርንጫፍ ያወጣል። ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው፤ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው አይነካኩም። በመካከላቸው ክፍተት አለ። ወሬው በሕዋሱ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ሮጦ ጫፍ ይደርስና ይቆማል። ሶር ወንዝ ሲሞላ መልእክተኛ እዚህ ዳር ቆሞ ወረቀቱን በድንጋይ አስሮ ወዲያ ማዶ ላለው እንደሚወረውር ማለት ነው። ሯጩ አይሻገርም፤ የሚሻገረው የተወረወረው ነው። ያ የሚወረወረው ነገር ምን እንደሆነ ቅጠሉ ሲናገር፣ «ክፍተቱን የሚሻገረው በልዩ ቅመም ነው። ቅመሙ ካነሰ መልእክቱ አይደርስም። ስለዚህ» ይልና እዚያ ላይ ተቀዷል።

እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ከ«ስለዚህ» ቀጥሎ ምን ታነቢ ነበር? እኔ ቅመሙን መስጠት ነው ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብልና ጥምዝ ወቅጬ፣ ጋሼ ጎንፋ ከሁሩሙ በሚልኩልን ማር ለውሼ በየማለዳው አጠጣት ነበር። እሳት የመሰለ ነገር ነው። አንድ ቀን ፊቷን አጨማዳ ጨረሰችውና «እትዬ፣ ወጥ ልታደርጊኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅን። ከኅዳር እስከ ግንቦት ሰባት ወር ሙሉ ጠጣች። እኔም ሰባት ወር ሙሉ የዶክተር ያህል ተማምኜ ተቀመጥኩ። እያየሁት ትንሿ ጣቷ ታጠፈች፤ ቀጥሎ አጠገቧ ያለችው። ደብተሯን በግራ እጇ ስትይዝ ይሾልካታል፤ በክንዷ ተጭና ነው የምትጽፈው።

በግንቦት መጨረሻ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አሰፋ ሳሙና ሊገዛ ሱቁ መጣ። ቅጠሉን ከጉያዬ አውጥቼ የትኛው ቅመም ይሻላል ብዬ ጠየቅኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «እትዬ፣ ኮረሪማ መሰለዎት? ይሄ እኮ ገላችን ራሱ የሚያበጀው ነው፤ ከዓይን የተሰወረች ጠብታ! በርበሬ ቢሆንማ ወጥ ሠሪ ሁሉ ሐኪም በሆነ ነበር!» አለኝ። ነዚፍም አብሮ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርኩት። ሳቁን አቆመ። ቆዳዋ ላይ የነጣ ነገር አለ ወይ አለኝ። አለ አልኩት። ወደ ኋላ ቡናው ዘንድ ወስዶኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ክርንሽን በር ሲመታሽ እስከ ትንሿ ጣትሽ የሚነዝርሽን ታውቂዋለሽ? ያ ነው ነርቩ፤ ከአጥንቱ ኋላ ከቆዳው ሥር ያልፋል። የጎደለው ቅመም አይደለም፣ ክፍተቱም ደህና ነው፣ ክሩን ራሱን ነው በሽታው ውስጥ ገብቶ የሚያሳብጠውና የሚበላው አለኝ። ወሬ አይወጣም፣ ትእዛዝ አይወርድም፤ እጁ ራሱ ግን ምንም አልሆነም፣ የሚነግረው አጥቶ ነው የሚቃጠለው። ቤት ገብቼ የዓያንቱን ክርን ዳሰስኩ። የቀኙ ቀጭን ነው፣ ከጣቴ ሥር ያመልጣል። የግራው እንደ ጅራፍ ወፍራም ነው።

የበሽታውን ስም አሰፋ የሥጋ ደዌ ብሎ ነው የጠራው። ሰው የሚጠራበትን ስም አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም። ኪኒን አለው። የታጠፈው ላይቀና ይችላል፣ የቀረውን ግን ያድናል፤ በቶሎ ከመጣች። የዚህ በሽታ ተራ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፤ ከገበያው ፊት ለፊት ባለው የጤና ጣቢያው ረጅም ወንበር ላይ ይጠብቃሉ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ኡካ ድረስ ይሰማል።

ሦስት ማክሰኞ አለፈኝ። አሰፋ አንድ ሕዋስ የሚሰማው ከአንዱ ብቻ አይደለም ብሎኛል፤ ከብዙ ሺህ ነው፣ ግማሹ አሳልፍ ግማሹ ተው ይለዋል፣ አሳልፍ ያሉት ከበዙ ብቻ ነው መልእክቱን የሚለቀው። እኔ ዘንድ ተው የሚሉት በዙ። እንዲያውም ይቅር በይኝና ከአንቺ ቤት ይዛው መጥታ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የባለቤትሽ አባት ሲሞቱ እጃቸውን በጨርቅ የሸፈኑት ለምን ነበር ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሳመነዥክ ሰነበትኩ። ከየት መጣ የሚለውን ማግኘት ከማዳን የበለጠ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ለጋሼ ጎንፋ መልእክት ላክሁ። ታላቅ ወንድማችን ናቸው፣ ሳላማክራቸው አልችልም። ዛሬ ከሚካኤል ሲመለሱ በዝናብ ረጥበው ገቡ። ለዓያንቱ ማር ይዘውላታል። እጇን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ብዙ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ሲያስቀምጡት እንደ እንቁላል ቀስ ብለው ነው። ወደ ጓዳ ሂጂ አሏት።

የልጃቸው የሙላቷ ሠርግ ለጥር መሆኑን ሰምተሻል። የሙሽራው ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መጥተው የአባትና የእናቷን ዘር አጥርተው ጠይቀዋል፤ እጅና እግራቸው ንጹሕ ነው ብለው ጋሼ በመሐላ መልሰዋል። ነገ አንዲት የእኛ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ከታየች ሠርጉ አበቃ። «ሂን ታኡ፣ አይሆንም! ሰው ሁሉ ፊት ልታስጪያት ነው? ከስኳር ወረቀት ላይ የቃረምሽው ሐኪም አደረገሽ? መጀመሪያ በቅመም ገደልሻት፣ አሁን ደግሞ በወንበር?» አሉኝ። የቅመሙ እውነት ነው። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። ጥርን ብቻ ጠብቂልኝ አሉኝ፤ ከሠርጉ ማግስት ራሴ በበቅሎ አድርጌ አዲስ አበባ እስከሚያደርሰው መኪና ድረስ እወስዳታለሁ፣ ማንም በማያውቀን ቦታ ትታከማለች፣ ሙላቷም ልጄ ናት፣ ይቺም ልጄ ናት አሉ። ዓይናቸው ውኃ ሞልቶ ነበር። እህቴ፣ ክፉ ሰው አይደሉም።

ዝም እንደምል ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን ዝም ብያለሁ። ዛሬ ግን ጋሼ፣ ሰባት ወር በእኔ ድንቁርና ሄዷል፣ ሌላ ሰባት ወር በእርስዎ ሠርግ አይሄድም አልኳቸው። እኔም ራሴ ድምፄን ሰምቼ ደነገጥኩ። ጋቢያቸውን አንሥተው ብድግ አሉና በሩ ላይ ቆመው፣ «እንግዲያው ከዛሬ ወዲያ ወንድም አለኝ አትበይ» ብለው ወጡ። ማሩን መልሰው አልወሰዱትም። ጠረጴዛው ላይ አለ።

መልስሽን ልጠብቅ አልችልም፤ ይህ ደብዳቤ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ሁለት ማክሰኞ ያልፋል። ፈቃድሽን ሳልጠይቅ ልጅሽን ነገ እወስዳታለሁ። ከጋሼ ከመስማትሽ በፊት ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። እዚህ ላይ ልቁም፤ የነገውን ነገ እጽፍልሻለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 13።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ዝናቡ አባርቷል። ዓያንቱን አጠብኳት፣ የትምህርት ቤት ልብሷን አለበስኳት፣ ፀጉሯን ሠራሁላት። በጓሮው መንገድ ልንሄድ እንችል ነበር፤ በገበያው በኩል ሄድን። ነዚፍ ሱቁን ሲከፍት አየንና «እትዬ፣ ዛሬ ለቀማ የለም?» አለኝ። የለም፣ ጤና ጣቢያ መሄዳችን ነው አልኩት። ቀኑን አሰበ፣ ዓያንቱን አየ፣ ገብቶ ጥላውን አምጥቶ ሰጠኝ። ዝናብ አልነበረም፤ መሸፈኛ እንዲሆነን ነው። አመስግኜ ሳልዘረጋ ያዝኩት።

ወንበሩ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡን። በሦስት ሰዓት ገደማ ተጠራን። አሰፋ ዓያንቱን በርጩማ ላይ አስቀመጣትና ጥጥ በጣቱ አሹሎ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ በነካሁሽ ቁጥር የነካሁሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ አላት። ግንባሯን ሲነካት ወዲያው አሳየች። ቀኝ እጇንም። ግራ እጇ ላይ ሲደርስ ጣቷን አላነሣችም። ካርድ ጻፈላት። ኪኒኑን ቆጥሮ በወረቀት ጠቀለለና ማታ ከማን ጋር ነው የምትተኚው አላት። ከእትዬ ጋር አለችው። ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሆናት አልኩት። ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ፤ እየሳሳ የመጣው ቅንድቤ ላይ ዓይኑ ቆየ።

እርስዎም እስኪ ይቀመጡ አለኝ።

ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አወረድኩ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። የውጪውን ሰው ድምፅ እሰማለሁ፤ አንዲት ሴት በኦሮምኛ ዶሮ ትጫረታለች። ብዙ ጠበቅኩ። አንገቴ ደከመኝና መቼ ነው የሚጀምሩት አልኩት።

«ጨርሻለሁ እኮ እትዬ» አለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ዓያንቱ ቆማ ታየኛለች። በደህናው እጇ ስትቆጥር ነበር። «ስድስት ጊዜ ነክቶሻል» አለችኝ። አሰፋ ከመሳቢያው ሁለተኛ ካርድ አወጣ፤ ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ፊደሉን ሳይስት ጻፈው።

ይቅር በይኝ። አምላክ ቤትሽን ይጠብቅ፤ የልጆችሽን እጅና እግር ምልክት ሳያገኘው ያሳድግልሽ። ዓያንቱ በቀኝ እጇ ስማሻለች።

ታላቅ እህትሽ