አንድ ፍሬ ለማይሸጠው የገበያ አዳራሻችን ኮሚቴ

ለክቡር ጋሽ ባህረዲን፣
በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አዳራሻችን የነጋዴዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ጉልበትዎን አላህ ያበርታልዎ፤ በተለይ ደግሞ ጆሮዎን ይጠብቅልዎ፤ ዋጋውን በእኛ ቤት ስላየነው ነው። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የጻፍኩት ለድፍረት ሳይሆን፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጥበቃው ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ስለሚነግረኝ ነው። ይህን ያህል የሚሰበሰብ ኮሚቴ ያለን በመሆኑ አመሰግናለሁ።

ካሚላ አብራር እባላለሁ። አማኑኤል ሰፈር የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ሥራ ሲቀልልኝ ደግሞ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቼ መግጠም እወዳለሁ። አባቴን ያውቁታል፤ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም ሲነግድ የኖረው አብራር ነው። ጆሮው ፈጽሞ ከደከመ ወዲህ ቀኑን ብቻውን ቤት ይውላል። ወዳጆቹ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጎራ ይሉ፣ ያንኳኩ፣ የሚከፍት ሲያጡ ይመለሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ስለማይሰማ «ረሱኝ» ብሎ ይቀመጣል። አንድ ሰሞን በሩን ከፍቶ መዋል ጀምሮ ነበር፤ ቴሌቪዥናችን በዚያው በር ወጥቶ ሲቀር ተውነው። ስለዚህ በሩ ሲንኳኳ ፊት ለፊቱ ብልጭ የሚል መብራት ልሠራለት ተነሣሁ። የሚያስፈልገኝ የበሩን ንዝረት የሚይዝ ሳንቲም የሚያክል ፒዞ እና መብራቱን የሚያበራ ሪሌይ ነበር፤ ከየዓይነቱ አንድ ፍሬ። ከመርፌ እስከ መኪና ይገኝበታል በሚባል ገበያ ይህ ይቸግራል ብዬ አላሰብኩም። ቀጥዬ የምዘረዝረው እንግዲህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ኮሚቴዎ በየሱቁ ስላስለጠፈው «በፍሬ አንሸጥም» የሚል ማስታወቂያ አመሰግናለሁ፤ ጽሑፉ ትልቅና ጥርት ያለ ስለሆነ ማንም አይሳሳትም። አንድ ካርቶን ፒዞ እንድወስድ በብዙ ሱቆች ተመክሬአለሁ። የእኛ ቤት ያለው አንድ በር ነው። ካርቶን ሙሉ ፒዞ የሚያስፈልገው ሰው ስንት በር ሊኖረው እንደሚገባ ሳስበው፣ እንዲህ ያለው ሰው መብራት ከሚሠራ በር ከፋች ቢቀጥር እንደሚሻለው ታየኝ።

ሁለተኛ፣ ነጋዴዎችዎ ለሴት ደንበኛ ስለሚያሳዩት አሳቢነት። ሪሌይ ስል፣ ስንት ቮልት ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም፤ የሁሉም ጥያቄ «ማን ነው የላከሽ? ደውዪለትና እናናግረው» የሚል ነበር። የምሠራው እኔው ነኝ ስል ፈገግ ይላሉ። በመጨረሻ ታክቶኝ የላከኝ አባቴ ነው፣ እሱ ደግሞ አይሰማም፣ ቢሰማ ኖሮማ እናንተ ዘንድ ምን አመጣኝ አልኩ። ባለ ሱቁ ከት ብሎ ሳቀና «ግዴለም፣ ቁጥሩን ስጪኝ» አለኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ፤ ደረጃው ንጹሕ ነበር።

የደረጃው ንጽሕና ሦስተኛውን አስታወሰኝ። እዚያ ደረጃ ሥር ያረጀ ቴፕና ራዲዮ ፈታትቶ ዕቃውን በፍሬ ይሸጥ የነበረውን አብዱልከሪምን ለአዳራሹ ውበት ሲባል አስነሥታችሁታል። እሱ ማን ላከሽ ብሎኝ አያውቅም። መሳለሚያ አካባቢ ታይቷል ሲሉኝ ሄጄ ፈለግሁት፤ ከዚያም ተነሥቷል። አሁን በቦታው የፕላስቲክ አበባ ቆሟል፤ ውኃ እንኳ አይፈልግም፣ እጅግ ያምራል።

ከሁሉም ከሱቆቹ በአንዱ ለሚላላከው ለሰሚር ምስጋናዬ ይለያል፤ ልጁ ከልቡ ሊረዳኝ ብሎ በገበያው ውስጥ አለ የተባለውን ጯሂ የበር ደወል አመጣልኝ። ደወሉን ስንጫነው የግቢው ሰው ሁሉ በር ሊከፍት ወጣ። ከአባቴ በቀር።

ደክሞኛል፣ ጋሼ። እንዲያም ሆኖ ፒዞውን ከሚዘፍን የልደት ካርድ ሆድ አወጣሁት፤ ሪሌዩን ከሞተው የፍሪጃችን ስታቢላይዘር ነቀልኩ፤ የቀረውን ካገኘሁት ራዲዮ አሟላሁ። ፍለጋው ግን ወራት ወሰደ። በእነዚያ ወራት የአባቴ ወዳጆች ማንኳኳት ሰለቻቸው፤ አንድ በአንድ ቀሩ።

ከእነሱ አንዱ እርስዎ ነዎት። ከአባቴ ጋር በአንድ በረንዳ ላይ ንግድ ጀምራችሁ፣ በአንድ ትሪ የበላችሁ ሰዎች ናችሁ። በዒድ ማግሥት መጥተው አንኳኩ፤ የአባቴ ጫማ ደጃፉ ላይ ነበርና ቤት መኖሩን ዐወቁ። ከዚያ በኋላ አብራር በሩን ዘጋብኝ እያሉ እንደሚያወሩ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኛ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እኔ ወሬውን ሰምቼ ጽፌ እስካሳየው አባቴ እርስዎ እንደ መጡ እንኳ አላወቀም ነበር። በዚህ በጣም አዝኛለሁ፤ ተናድጃለሁም።

ኮሚቴዎ እንዲሰፋ፣ ስብሰባዎ እንዲበረክት፣ አበባው እንዳይጠወልግ እየተመኘሁ፣ እጅ በመንሣት የምሰናበት፣ ማንም ያልላከኝ የእርስዎ አክባሪ፣
ካሚላ አብራር፣ ከአማኑኤል።

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ መብራቱን ባለፈው ጁምዓ ጠዋት ገጠምኩት። አባቴ ከሶላት በኋላ ወንበሩን ወደ መብራቱ አዙሮ እስኪመሽ ተቀመጠ። አልበራም። «አልሠራ ብሎ ይሆናል፣ እስቲ ፈትሺው» አለኝ። ወጥቼ አንኳኳሁ፤ ቦግ አለ። አየውና «ለካ ይሠራል» ብሎ ወንበሩን መልሶ አዞረ። ስለዚህ፣ ጋሽ ባህረዲን፣ አሁን የጎደለን አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ የሚያንኳኳ ሰው። ካርቶን ሙሉ አልጠየቅኩም፤ አንድ ፍሬ ይበቃናል።