ያልወጣው ንፋስ

ለታላቅ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነም የምትደገፊው ነገር ፈልጊ። በቤታችን ከባድ ነገር ደርሷል። አባታችን፣ ዕድሜ ልካቸውን መሪ ጨብጠው ያሳደጉን፣ ውሸት ከቤቴ እንዳይገባ ሲሉ የኖሩት ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ግቢያቸው፣ በገዛ መኪናቸው ፊት ሲያጭበረብሩ ተይዘዋል። የያዝኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ግን መያዛቸውን አያውቁም።

ከዚህ ሐዘን መለስ እንበልና፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ትንሹስ ጥርስ አወጣ? የኛ ጎማዎች ጥርስ አሁንም እንዳለ ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ። እማዬ ደህና ናት፣ ናፍቃሻለች፣ ትቆጣሻለችም። እኔም ደህና ነኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ አንድም ፈተና አልወደቅሁም።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። ጎማው ዘንድሮም ካለቀ ታክሲው ይሸጥ፣ አባባም ይረፉ፣ ባለቤቴ ገዢ አግኝቷል ብለሻል። ለእማዬ ጮክ ብዬ ሳነብላት እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ በሳል አለፍኳት፤ አባባ በሩ ላይ ቆመው ነበራ። ግን ሳይሰሙ አልቀሩም። ያን ቀን ምሳቸውን አልጨረሱም።

እኔ አልሸጥም። መኪናው የኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልሸጥም። ማረፍ ማለት ምን እንደሆነ አይተሻል? ጎረቤታችንን ጋሼን አስታውሺ። ልጆቻቸው ታክሲውን ሸጠው ይረፉ ካሏቸው ወዲህ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡና የሰው መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ና፣ ና፣ ና፣ በቃ! ይላሉ። ማንም አላዘዛቸውም። መኪና የጠፋ ቀን የውሃ ጋሪ ሲያስገቡ አይቻለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ አባባ ለጋሪ ና ና አይሉም፤ ጻፊው፣ አስፈርሚበት።

ስለዚህ ታክሲ ተራው ጥግ ወዳለው ጎሚስታ ሄጄ፣ የኛ ጎማ ለምን ቶሎ ያልቃል አልኩት። መጥቶ ጣቱን የጎማው ጥርስ ውስጥ እየከተተ ዳበሰው። መሃሉ ደህና ነው፣ የተበላው ግራና ቀኝ ጠርዙ ነው አለኝ። ጎማ ንፋስ ሲጎድለው ይተኛል፣ ሲተኛ በጠርዙ ይሄዳል። ለመሆኑ ንፋሱን ማነው የሚያወጣው? ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ማን እንደሆነ ስለማውቅ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ያ ልማድ ዛሬም አለ። አባባ ቀትር ላይ ለምሳ ሲገቡ ጎማው ግሏል። እጃቸውን ሳይታጠቡ ከኪሳቸው ምስማር አውጥተው አራቱንም እየዞሩ ፍስስስ ያደርጉላቸዋል። የጋለ ጎማ እንደ ተቆጣ ሰው ነው፣ ካላስተነፈሱት ይፈነዳል ይላሉ። ጎሚስታው ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ንፋስ ሲግል ማበጡ ያለ ነው፣ የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ነው፣ የጋለውን ካወጡት ሲቀዘቅዝ ይጎድላል አለኝ። ታዲያ ንገራቸው ስለው፣ እኔ? አባት ናቸው እኮ! ብሎ ክሪኩን ብድግ አድርጎ ሄደ።

እኔ ነገርኳቸው። አባባም፣ እኔ ከባድ መኪና ስነዳ አንቺ የተጣለ ጎማ በዱላ እየገፋሽ ሰፈሩን ትበጠብጪ ነበር አሉኝ። እውነት ነው።

አልተመለስኩም። ጠዋት አባባ ሲላጩ፣ ከጎሚስታው በተዋስኩት የእግር ፓምፕ ቀትር ላይ የወጣውን መመለስ ጀመርኩ። እማዬ ምን ሆነሽ ነው የምትረግጪው ስትለኝ ሰውነት እየቀነስኩ ነው አልኳት። የቱን ሰውነት? አለችኝ። አባባ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ በእግራቸው የወጡ ቀን ደግሞ ጎሚስታው መጥቶ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወርነው፤ እንዲያ ሲሆን ተራ በተራ ይለፋሉ።

ጎማው መበላቱን ተወ። ይሄኔ አባባን ማን ይቻላቸው! ተራው ላይ ደረታቸውን ነፍተው፣ አያችሁ? ማስተንፈስ ነው ምስጢሩ! ይላሉ። ሌሎቹ ሹፌሮች አመኗቸው። ቀትር ላይ የሰፈሩ ታክሲ ሁሉ ፍስስ ማለት ጀመረ። ጎሚስታው በሥራ ብዛት ምሳ መብላት አቃተው፤ አባባ ሲያልፉ ከመቀመጫው ተነስቶ እጅ ይነሳቸዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አባባ ለሹፌሮቹ፣ ለሁሉም መኪና አይሆንም፣ ተዉት፣ የኔዋ ለየት ያለች ናት ማለት አመጡ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት ጎማውን ስለካ ሙሉ ነው። መለኪያው አብዷል ብዬ በጥፊ አልኩት። በማግስቱም ሙሉ። ቀትር ላይ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ተሸሸግኩ።

አባባ ገቡ። ምስማራቸውን አወጡ። ጉልበታቸውን ይዘው አጎነበሱ፣ የጎማውን የንፋስ መግቢያ ክዳን ፈቱ፣ ምስማሩን ወደ ጎማው አስጠጉና ሳያስነኩት፣ እህቴ ስሚኝ፣ በአፋቸው ፍስስስስ አሉ! አራቱንም ጎማ! ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ሳል ያዛቸው፤ አረፍ ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ። ሲጨርሱ እኔ ዘወትር ወደምቀመጥበት ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሰረቅ አድርገው አዩና፣ ተነፈሰች! ብለው ሰው እንዲሰማ ጮሁ።

ሳቄን ለማፈን ክንዴን ነከስኩ። በኋላ ፓምፑን ከደበቅሁበት ላወጣ ሄድኩ። ቱቦው ላይ ንፋስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረ፤ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። እኔ አልጠቀለልኩትም። እግሬን ሲልጠኝ የከረመው መርገጫም ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁን አገላብጬ አየሁት፤ የአባባ ያ ሰማያዊ ሸሚዝ እጅጌ ነው። እዚያው ተቀመጥኩ፤ ሳቁ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

መርገጤን ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም። እኔ አሁንም ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ። ቱቦውን ከጎማው ጋር አላገናኘውም፤ እንዲያው እረግጣለሁ። ውስጥ አባባ እየተላጩ ያፏጫሉ። አባባ ሲያፏጩ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ እሑድ ባለቤትሽ ሲመጣ ገዢውን እዚያው ትቶ ጣቱን ይዞ ይምጣ። የፈለገውን ጎማ መርጦ ጥርሱ ውስጥ ይክተት። ጎማው ካለቀ ይሸጥ ያልሽው አንቺው ነሽ፤ አላለቀም፣ አይሸጥም፣ አከተመ። የሚመጣው ቀትር ላይ ከሆነ ደግሞ አደራሽን፣ አባባ ሲያስተነፍሱ ፊቱን ኮስተር ያድርግ። የሳቀ ሰው ምሳ የለውም።

መንገድሽን ከምስማር፣ ቤትሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። ትንሹን ጉንጩን ንከሽልኝ፤ ቀስ ብለሽ።

መኪና የማትሸጠው ታናሽሽ

ደብዳቤውን ላጥፍ ስል ትዝ ያለኝ፦ መጀመሪያ ላይ ተደገፊ ያልኩሽን ልቀቂው። ነገሩ ይህን ያህል አይደለም። አንድ ሽማግሌ በአፋቸው ትንሽ ንፋስ አወጡ፤ የጎማው እንዳለ ነው።