ተያዥ እስከ አርብ

ሰኞ

ተያዥ! የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ፣ ፈተናውን አለፍኩ፣ ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨብጦ "እንኳን ደስ አለሽ" አለኝ። ፎርሙን የዘረጋልኝ ከወንበሩ ልነሳ ስል ነው። ቋሚ ደሞዝተኛ የሆነ ተያዥ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር፣ እስከ አርብ አሥር ሰዓት። ካልሆነ ከእኔ ቀጥሎ ያለችው ትጠራለች።

እስቲ አሁን ለሆቴል እንግዳ ተቀባይ ተያዥ ምን ያደርጋል? የክፍል ቁልፍ ይዤ እጠፋለሁ?

አሥራ አራት ዓመት አለታ ወንዶ አስተምሬ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ቅዳሜና እሁድ የሆቴል ሥራ ተምሬ፣ መልቀቂያዬን ወስጄ ነው ሀዋሳ የገባሁት። በቦታዬ ሌላ መምህር ተቀጥሯል። መመለሻ የለኝም።

ደግነቱ አጎቴ አለ። ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ነው የሚኖረው። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽማግሌ። እሱ ካልያዘኝ ማን ይይዘኛል?

ማክሰኞ

አጎቴ "እንጸልይበት" አለኝ።

ሥራ እንዳገኝ ሲጸልይ ሁለት ወር ከርሟል። ሥራው ተገኘ። አሁን ፊርማው ደግሞ የራሱ ጸሎት ያስፈልገዋል! ሚስቱ ሳህኔን ደጋግማ ሞላችው። ሰው እምቢ ሊልሽ ሲል እንዴት አድርጎ እንደሚመግብሽ።

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ ሙዚቃውን ቀነሰ። ንዴት ነው እንጂ ልቅሶ አይደለም።

ረቡዕ

የጠየቅኳቸው፦

አብራኝ የተማረችው ሰላም። ለእህቷ ባል ፈርማለች፣ ሁለት ሰው መያዝ አትችልም።

የሰላም ባልደረባ። "በመርህ ደረጃ ለማንም አልፈርምም።" መርሁ ይባረክ።

አጎቴ፣ በስልክ። አያነሳም። እየጸለየ ይሆናል።

አከራዬ እትዬ ሙኒራ ገበያ ውስጥ የቅመም ሱቅ አላቸው። ቤታቸው ከገባሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነው፤ መብራት አጥፊ፣ በር ዝጊ፣ ጫማሽን ከደጅ አንሺ ሲሉኝ ነው የሚውሉት። ዛሬ ፊቴን አይተው "ምን ሆነሻል?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ታዲያ እኔ እይዝሻለሁ! ይሄ ነው ያስጨነቀሽ?"

ሱቃቸውን ዘግተው ሆቴሉ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ንግድ ፈቃዳቸውን አገላብጦ አየና "እናቴ፣ ደሞዝተኛ ካልሆነ አንቀበልም" አለ። እትዬ ሙኒራ መንገዱን ሙሉ ሲረግሙት መጡ። የሚያውቀኝ አይፈርምልኝም፣ ልፈርም ያሉኝን አይቀበሏቸውም።

ሐሙስ

ጠዋት ዕቃዬን ግማሹን ሸከፍኩ። ከዚያ ተናድጄ መልሼ ፈታሁት። ወዴት ልሄድ?

ቢያንስ ዓሣ በልቼ ልናደድ ብዬ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ጥብሱን ስጠብቅ ከኋላዬ አንድ ወጣት "ቲቸር!" አለኝ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ምን ያደርጋል፣ ተገልብጧል።

ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል፣ አሥራ አራት ዓመት። ማን ይሆን? "እንዴ፣ አንተ! እንዴት አደግክ!" አልኩት። መምህር ሁሉ የሚያውቃት ማምለጫ ናት።

"አራተኛ ሲ፣ መስኮቱ ሥር" አለኝ።

"አዎ፣ መስኮቱ ሥር!"

ምን እንዳመጣኝ ሲጠይቀኝ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። "እኔ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፣ እፈርማለሁ" አለ። እንዲህ በቀላሉ! "ቀላል ነገር አይደለም ልጄ፣ አስብበት" አልኩት። እኔም እንደ አጎቴ ማውራት ጀመርኩ።

"ምን አስባለሁ፣ ቲቸር? መስታወት ሰበርክ ብለው በማስመሪያ መቱኝ። በማግስቱ የሰበረው ሌላ ልጅ መሆኑን ሲያውቁ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቁኝ። በልጅነቴ ይቅርታ የጠየቀኝ ትልቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።"

መምታቴም፣ ይቅርታ መጠየቄም ትዝ አላለኝም። እንደሚያስታውስ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ስልኩን ሲሰጠኝ ስሙን መጠየቅ አፈርኩ። "የአሞራ ገደል ልጅ" ብዬ መዘገብኩት።

አርብ

ደብዳቤው አራት ሰዓት ላይ ተጻፈ። የሚፈርሙት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው ሲያልቅ የአርብ ምሳ ሰዓት ገባ፤ እሱም ማለቂያ የለውም። ከምሳ በኋላ ደግሞ ማኅተም የምትይዘው ሴት የለችም። ልጁ በየግማሽ ሰዓቱ ይደውልልኛል፤ "ቲቸር፣ አይጨነቁ።" አልጨነቅ!

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤ ይዞ የመጣበት ባጃጅ ሆቴሉ በር ላይ ቆመ።

ፎርሙ "የተያዥ ሙሉ ስም" ይላል። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ለእኔ ዘረጋ። ላብ አጠመቀኝ። "እሱ ይሙላው፣ የእጅ ጽሑፉን ልየው እስቲ" አልኩ። ልጁ ፈገግ ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ።

ደጅ ስንወጣ "ቲቸር፣ አላስታወሱኝም አይደል?" አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ በሰው ሰበብ ስበሳጭ ከርሜ እኔው ዋሽቼ አስፈረምኩት። ፊቴ ጋለ።

"አላስታወስኩህም። ይቅርታ።"

"እንግዲህ ሁለት ሆነ" አለና እየሳቀ ባጃጁ ውስጥ ገባ።

እትዬ ሙኒራ እልል አሉ፤ ወዲያው ደግሞ የሽንት ቤቱን መብራት አላጠፋሽም አሉኝ። አጎቴ ዛሬ ስልክ አነሳ። "አላልኩሽም? ጸሎታችን ተሰማ!" አሜን አልኩት፣ ምን ልበል።

ምንተስኖት ሀሜሶ። አራተኛ ሲ፣ መስኮቱ ሥር። የልጅነት ፊቱ አሁንም አልመጣልኝም። እዚህ ጻፍኩት፣ ደግሞ እንዳልረሳው።